አራተኛው ሥዕል

ነይ እታፈራሁ፣ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፤ ወለሉ ውሃ በውሃ ነው፣ በረዶ እየቋጠርኩ ነው። ያችን በርጩማ ሳቢና እዚህ በሩ ላይ ተቀመጪ፤ ጥላ አለው። በዚህ ሰዓት አዋሽ ላይ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ወይ ሹፌር ነው ወይ መልእክተኛ ነው። አንቺ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የለሽም… ስቀልድ ነው፣ ተቀመጪ።

በረዶ ነው? ሁለት ይበቃሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ፍቅረማርያምስ፣ ፈረቃው ተቀየረለት? አልሐምዱሊላህ። እኛም ደህና ነን። ሙቀቱን ያው ታይዋለሽ፤ ትናንት ፍሪጁ ራሱ አላበው። ጠዋት ገበያ ወጥቼ ነበር፤ ቲማቲሙ ከመኪና ሳይወርድ ተቀቅሏል። ነጋዴዋን ጨው ብቻ ነው የጎደለው አልኳት፤ ተቀየመችኝ። ሰው ዘንድሮ ቶሎ ይቀየማል እታፈራሁ፣ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።

ቆይ እስቲ… አንድ ድምፅ ጠፋብኝ። አንቺስ አልጠፋሽም? የሦስተኛው በር ቬንትሌተር። ስትገቢ እንደ አውሮፕላን ሲያጓራ ነበር፤ አሁን ቀጥ አለ። መብራት ሄደ እንዴ? የለም፣ ይኸው ፍሪጄ እየሠራ ነው። እንግዲህ በቀትር፣ አዋሽ ላይ፣ መስኮቱ ስር ተቀምጦ ቬንትሌተር የሚያጠፋ ሰው… ማሻ አላህ፣ ሰውነቱ ጠንካራ ነው። ወይ በጸጥታ ማሰብ የሚወድ ነው። የተማረ ሰው እንዲያ ነው ይባላል። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሴትዮ እንዲህ ያለው ነገር አይገባኝም።

ቦርሳሽ ያምራል። አዲስ ነው? እይማ፣ ጽሑፍም አለው። ማንበቡ ያስቸግረኛል፣ ግን ይህን ጽሑፍ በመልክ አውቀዋለሁ፤ የሰመራው ሥልጠና ነው። እኛ ግቢ እንዲህ ያለ ቦርሳ ሰባት አለ። አንዱ ሽንኩርት ይዟል፣ አንዱ በር ማስደገፊያ ሆኗል፣ አንዱ ውስጥ ጫማ አለ… አንዱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ያንቺ ሆነ። ደስ ይበልሽ። ሰው በነጻ አይሰጥም ያለው ማን ነው?

ሥልጠና ካነሳን አይቀር… አንቺ አላነሳሽም? እንግዲያው ቦርሳው አነሳው።

ሙሉሐረግን ታውቂያታለሽ አይደል፣ አንደኛ ክፍል የምታስተምረዋን። ለሁለተኛው ዙር እሷም ተጠርታ ሰመራ ሄዳ ነበር። በረዶ ልትገዛ መጥታ፣ እዚሁ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ቁጭ ብላ፣ በረዶው እስኪቀልጥ አወራችኝ። ሥልጠናው እድገታቸው ለዘገየ፣ በአንድ ሳይሆን ባራት ባምስት ነገር ለተያዙ ልጆች ነው። እንደኛ ሐያት ላሉት። አምስት ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ አንገቷ ገና አልጸና። ቃል የላትም። መዋጥ ያስቸግራታል። እጇ የሚሄድበትን እሷ አታዘውም። ፈገግታዋን ግን አይተሽዋል፤ ሰው ያከስራል።

አሁን ሙጂባን አስቢያት፣ እናቷን። ሐያትን አዝላ ሐኪሙ ጋ ትሄዳለች፤ ሐኪሙ ደረቷን ያዳምጥና አንገቷ የኔ ሥራ አይደለም ይላታል። የአንገቱ ሰው ጋ ትሄዳለች፤ አፏ የኔ አይደለም። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ መጀመሪያ መቀመጥ ትቻል። ልጅቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሏት እታፈራሁ፣ ግን ማንም ድርሻውን አላነሳም። በየበሩ ደግሞ ሙጂባ ከእርግዝናዋ ጀምራ ነው የምትናገረው። ስንት ወር ላይ ወለድሽ፣ ስታለቅስ ሰማሻት ወይ፣ በቤተሰብ አለ ወይ። አንድ ቀን በእንቅልፏ ስትመልስ በጋራ ግድግዳችን በኩል ሰምቻታለሁ፤ ማን እንደሚጠይቃት አላህ ይወቅ።

እና ሥልጠናው እነዚህን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ መምህሯ፣ ንግግር የሚያስተምረው፣ እጅና እግር የሚያፍታታው፣ የማኅበራዊ ጉዳዩ። እናትየዋም አብራ ትቀመጣለች፤ ወንበር ይሰጣታል። አንድ ልጅ፣ አንድ ዶሴ፣ አንድ ዕቅድ። እናት አንዴ ትናገራለች፣ ሁሉም ይሰማል። መምህሯ ትንሽ የሐኪሙን ታውቃለች፣ ሐኪሙ ትንሽ የመምህሯን ያውቃል። ወላሂ፣ ይህን ያሰበ ሰው ጀነት ይግባ። እኔ ስሰማ ሥራዬን አቁሜ ነው የሰማሁት።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም በልጦ የታየ አንድ ባለሙያ ነበር። ስም አልጠራም፤ ሰው ሲመሰገን በስሙ ከሆነ ዐይን ይወጋዋል። የኛው አካባቢ ሰው ናቸው። በጣም የኛው አካባቢ። አንቱ የምለው አይግረምሽ፤ ታናሼ ናቸው፣ ድሮ አንተ ነበር የምላቸው። ግን ከሰመራ ሲመለሱ ያንን አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሁለት ሳምንት አላወለቁትም። መጸዳጃ ቤት ወረፋ ላይ ባጅ ያደረገ ሰው ቀድሞኝ ቆሞ፣ አንተ ማለት እንዴት ይሆንልኛል?

አሠልጣኞቹ አሻንጉሊት አምጥተው ነበር፣ ለልምምድ። የአራት ዓመት ልጅ የምታህል። ሙሉሐረግ እንደምትለው እሳቸው አሻንጉሊቷን ሲያቅፏት የሰው ዐይን እንባ ያቀርር ነበር። አንገቷን በክንዳቸው ደግፈው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የኔ ቆንጆ፣ ክፈቺ፣ ቀስ ብለሽ፣ እያሉ በባዶ ማንኪያ አጎረሷት። አንድም ጊዜ አላሳላትም። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ይህን ስሰማ ምን አልኩ… ይህ እጅ ከኛ ግቢ ነው የሄደው? ከበራቸው እስከ ሙጂባ በር ሰባት እርምጃ ነው። በኔ እርምጃ ሰባት፤ በሳቸው እግር አምስት ይሆናል። እጃቸው ያንን ሰባት እርምጃ መሻገር አቅቶት ሰመራ ድረስ ደረሰ። ገዋኔን አልፎ፣ ሚሌን አልፎ። መኪናው ጥሩ ነበር መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ሐያት ሆስፒታል ነበረች። ታስታውሺያለሽ አይደል? አዎ፣ የግንቦቱ ጊዜ። እሱን ልነግርሽ ነው፤ ግን መጀመሪያ ውለታቸውን ልናገር። ባለውለታችን ናቸው።

ሚያዝያ ላይ ከመጀመሪያው ዙር ሲመለሱ ትልቅ ፖስተር ይዘው መጡ። የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ቀለም። ሌላ ሰው ቢሆን ጠቅልሎ አልጋ ስር ይከተው ነበር። እሳቸው ግን የከሰዓት ፀሐይ በመስኮታቸው እየገባ ስላስቸገራቸው ከመስታወቱ ጋር በፕላስተር ለጠፉት። ሥዕሉ ወደ ውጪ፣ ነጩ ወደ ውስጥ። እንግዲህ ለኛ አስበው ይሁን፣ ነጩ ለዐይን ይስማማል ብለው ይሁን… ክፉ አናስብ። ይኸው አሁንም ከዚህ ይታይሻል። ነዋሪው ሁሉ ልብስ ሲያጥብ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ የሚያየው እሱን ነው።

እኔ ፊደል ያስቸግረኛል እንጂ ሥዕል አያስቸግረኝም። አራት ሥዕል ነው፣ አንዱ ካንዱ በታች። የመጀመሪያው ላይ ልጅ በጀርባዋ ተኝታ ትበላለች፤ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። ሙጂባን ጠራኋት። ያው አንቺ ነሽ አልኳት። አምስት ዓመት ሙሉ በጀርባዋ አስተኝታ ነው ያበላቻት፤ ማን ነግሯት? ሁለተኛው ላይ ልጅቱ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋና አንገቷ ተደግፎ፣ ጉልበቷ ታጥፎ። ሦስተኛው ላይ ማንኪያው ከፊት ለፊት፣ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ አገጯ ትንሽ ወደ ታች። በቃ፣ ገባን። እኔ ከኋላ ሆኜ በደረቴ ደገፍኳት፣ ሙጂባ ከፊት አጎረሰቻት። የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሳህን ገንፎ በላች። ሙጂባ ሳህኑን ይዛ ወጥታ ለግቢው ሁሉ አሳየች፤ ባዶውን ግማሽ።

አራተኛው ግን… ፖስተሩ ከመስታወቱ ይረዝማል። ታችኛው ጫፍ ታጥፎ ነበር የተለጠፈው፣ አራተኛው ሥዕል እጥፋቱ ውስጥ ገባ። የሚታየው የአንዲት ሴት ፀጉርና ግማሽ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። እኔና ሙጂባ በዚያ ግማሽ ሰዓት ላይ ሁለት ቀን ተከራከርን። እሷ፣ ሰዓት ጠብቃችሁ አብሏት ማለት ነው አለች። እኔ፣ ቶሎ ጨርሱ ማለት ነው አልኩ። ትልቋ እኔ ነኝ፣ የኔ አሸነፈ። ቶሎ ቶሎ እናጎርሳታለን፣ ከዚያ ደከማት ብለን ወዲያው እናስተኛታለን። በጀርባዋ።

ጠይቄአቸዋለሁ እኮ። እሑድ ቀን ነበር፣ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ስልካቸውን ይነካካሉ። ይቅርታ፣ ያንን ፖስተር አንድ ስንዝር ወደ ላይ ቢያደርጉት የታችኛው ይታየን ነበር አልኳቸው። በትሕትና። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ዘይቱና፣ ይኼ ሙያዊ ነገር ነው፣ ካርድ አውጥታ በሥራ ሰዓት ትምጣ። ልክ ናቸው። ፕላስተር መላጥ በሥራ ሰዓት ነው የሚያምረው። አመስግኜ ተመለስኩ፤ ሙጂባ በሥራ ሰዓት የሹፌሮቹን አልጋ ቤት አንሶላ ታጥባለች፣ መሄድ አልቻለችም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ሐያት ትኩሳት ያዛት። ትንፋሿ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ሆስፒታል ስትደርስ፣ ምግብ ወደ ሳንባዋ ሄዷል አሉ። ዘጠኝ ቀን ተኛች። ሰባተኛው ቀን ላይ ሐኪሙ ሙጂባን ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት፤ ምን እንዳላት እስከዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ወደ አልጋው ስትመለስ የልጇን እግር ይዛ ቆመች፤ እጇን አይደለም፣ እግሯን። እሳቸው የት ነበሩ? ነገርኩሽ እኮ፣ ሰመራ። ሁለተኛው ዙር። የዚያን ዙር ትምህርት ታውቂዋለሽ? ሙሉሐረግ ናት የነገረችኝ፤ ልጆች ሲበሉ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ መጠበቅ።

አሻንጉሊቷ ደህና ነበረች።

ሐያት እንደወጣች ሙሉሐረግ ልትጠይቃት መጣች፣ የሥልጠናውን መጽሐፍ ይዛ። ያው ፖስተሩ እዚያ ውስጥ በትንሹ አለ። አራተኛውን አሳየችን። ልጅቱ በልታ ጨርሳ ተቀምጣለች፣ ሴትዮዋ አጠገቧ፣ ሰዓቱ ከላይ። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ትበል ማለት ነው። አታስተኟት። ይኸው ነው እታፈራሁ፣ ሌላ ምንም የለውም። አንድ ስንዝር የማይሞላ እጥፋት ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። ያን ቀን አላለቀስኩም። ሙጂባ አፏን አውጥታ ያንቺ ጥፋት ነው አላለችኝም። እኔ በረዶ ቋጠርኩ፤ እስከ መግሪብ ቋጠርኩ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ቀዝቃዛ ጠጣ።

ከዚያ ወንበሩን ሠራን። ሰማያዊውን የውሃ በርሜል ሣህሌ ጎሚስታው በመጋዝ ጎምዶ ሰጠን፤ ጠርዙ እንዳይቆርጣት የጎማ ላስቲክ አለበሰው። ስፖንጁ ከተገለበጠ ኤፍኤስአር መኪና መቀመጫ ነው። ቀበቶው የኔ ሻሽ ነው፣ ያ ባለ ብርቱካን አበባው፣ ለዒድ የገዛሁት። አሁን በቀን ሦስቴ እዚያ ላይ ትቀመጣለች። በልታ ግማሽ ሰዓቷን እዚህ እኔ ጋ ነው የምትጨርሰው። በረዶውን ጠረጴዛው ላይ ሳንኳኳ ትስቃለች፤ ካላንኳኳሁ ደግሞ ታኮርፋለች። ከሆስፒታል ከወጣች ሁለት ወር ከአሥር ቀን፣ አንድም ቀን አላተኮሳትም።

ይህን ሁሉ ለምን አወራሁሽ… አዎ፣ ለምስጋና። ነሐሴ ላይ ሦስተኛው ዙር ሆነ አይደል? እያንዳንዱ ሠልጣኝ በአካባቢው የሚረዳውን አንድ ልጅ ያቅርብ ተባለ። እሳቸው ተነሡ። መብራቱ ጠፋ፣ ግድግዳው ላይ ሐያት ወጣች፣ ግድግዳውን ሙሉ። በወንበሯ። ሙሉሐረግ መጀመሪያ ያወቀችው በሻሼ ነው። ፎቶው በመስኮት በኩል የተነሣ ነው አለች፤ ሙጂባም አላወቀች፣ ልጅቱም አላወቀች። የኔም ክንድ በጎን ታይቷል አሉ፤ ፊቴን ግን ቆርጠውታል። ልክ ናቸው። መድረክ ላይ የሚወጣ ፊት የለኝም።

ምን አሉ መሰለሽ፤ ይህችን ልጅ በየሳምንቱ እከታተላለሁ፣ እናቷን አሠልጥኛለሁ፣ ከአካባቢ በሚገኝ ዕቃ ወንበር ሠርቼላታለሁ። ሙሉሐረግ ይህን ስትነግረኝ ጣቷን ታጣምም ነበር። አንቺ ለምን ተናደድሽ አልኳት። ውሸቱ የቱ ነው? ይከታተላሉ… በመስኮት። አሠልጥነውናል… ጀርባቸውን ሰጥተው። ወንበሩም ከአካባቢ ዕቃ ነው፤ አካባቢው እኛ ነን። እንዲያውም ትሑት ሰው ናቸው፤ ዘጠኙን ቀን ሆስፒታል አልጠቀሱም። ያንንስ የኔ ነው ማለት ይችሉ ነበር።

አሁን ሐሙስ ቡድኑ ይመጣል። ስድስቱም፣ ባንድ መኪና። የቀረቡትን ልጆች በዐይናቸው አይተው ይመርጣሉ። ለአዋሽ የሁለት ልጅ ቦታ ነው ያለው። የተመረጠች ልጅ ልኳ ተወስዶ እንደ ቁመቷ የሚያድግ ወንበር ይሠራላታል፤ ዓመቱን ሙሉ ቡድኑ በየወሩ አንድ ላይ ያያታል፤ መስከረም ላይ ደግሞ የሙሉሐረግ ክፍል ትገባለች። ሐያት፣ ክፍል። ደብተር ባትይዝም ልጆች ሲጮኹ ትሰማለች። ሙጂባ ከወዲሁ ቀሚስ አጥባ ሰቅላላታለች፤ ያውልሽ ገመዱ ላይ፣ ቢጫው። ይኼ ነው እንግዲህ። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ወሬ ነው።

እና እህቴ… በረዶ ልትገዢ አልመጣሽም። አትደንግጪ፣ አልተቀየምኩሽም፤ ሰው ሲላክ ይሄዳል። ልንገርሽ? ዘይቱና ሐሙስ ቀን ገበያ ትዋል፣ ወይ ሚሌ እህቷን ትጠይቅ፤ ሙጂባ ደግሞ ወንበሩን እሳቸው ናቸው የሠሩት ትበል። በርሜሉም ትንሽ ቀለም ይቀባ፣ ሻሹም ይውለቅ። አገኘሁት? ሻሹን አልተባልሽም? እንግዲያው ረስተውታል፤ አስታውሺልኝ። ሙሉሐረግ ያወቀችውን ሌላም ሰው ያውቀዋል።

መልሱን ላንቺ ነው የምነግርሽ። ድምፄ ከፍ ያለው ጆሮዬ ስለከበደ ነው፣ በሌላ እንዳትተረጉሚው። ሙጂባ ትላለች። ልጄ የገባችው በሳቸው ስም ነው፣ እሳቸው ቢሠረዙ አብራ ትሠረዛለች ብላ ትፈራለች። ስለዚህ የሠሩት እሳቸው ናቸው ትላለች፤ ካስፈለገ በርሜሉንም የወለዱት እሳቸው ናቸው ትላለች። እኔም አፌን እዘጋለሁ። ወላሂ እዘጋለሁ። አርባ ሰባት ዓመት ያልተዘጋ አፍ ለሐያት ወንበር ሲባል ይዘጋል። ሚሌ ግን አልሄድም፤ እዚሁ በሬ ላይ በረዶዬን እቋጥራለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለሳቸው አስቤ ነው። ሐያትን ማን ያስጠናታል? የማታውቀው ሰው ሲያነሣት ጀርባዋን ትገትራለች፣ እንደ ደረቀ ቆዳ፤ ከዚያ የምታለቅሰው ለቅሶ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም፤ በቀኝ በኩል የሚመጣባት ሰው ያስደነግጣታል። የብረት ማንኪያ ትነክሳለች፣ የላስቲኩን ነው የምትወደው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ የሚጠይቁትን ያውቃሉ። በየሳምንቱ ካየሃት፣ ምን ያስቃታል? በየት በኩል ነው የምትቀርባት? እስቲ አንዴ አጉርሳት… ቢሏቸውስ? ማንኪያው እኮ የዚያን ቀን ባዶ አይደለም።

ዛሬ እሑድ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የሦስት ቀን ሥልጠና አዘጋጅቼላቸዋለሁ በያቸው። አሠልጣኟ ሙጂባ ናት፣ ረዳቷ እኔ ነኝ። አዳራሹ ይጠባል፣ ኤሲም የለው፤ የሻይ እረፍት ግን አለ፣ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ቦርሳ አንሰጥም፣ እሳቸው ዘንድ ሞልቷል። ባጅም አያስፈልግም፤ ሐያት ባጁን ካየች ትጎትተዋለች፣ ጎትታ ደግሞ አትለቅም። የምስክር ወረቀቱን ሐሙስ ራሷ ትሰጣቸዋለች፤ ካልጮኸችባቸው አልፈዋል ማለት ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በግራ በኩል ይምጡ። ሰባት እርምጃ ነው። ቢደክማቸው መሀል ላይ ያንቺን በርጩማ አስቀምጥላቸዋለሁ።

ካልመጡስ? ካልመጡማ እኔ ምን አደርጋለሁ… ዝም እላለሁ አልኩሽ እኮ። የምትናገረው ልጅቱ ናት።

ቆይ… ያ ምንድን ነው? ዘወር ሳትይ እይ። በዐይንሽ ብቻ። የሚላጥ ፕላስተር ነው የምሰማው? አሃ… ወደ ላይ እየሳቡት ነው። በሥራ ሰዓት እንኳ አይደለም፣ እሑድ ቀን። ይኸው ሴትዮዋ ፊት አወጣች፤ አራት ወር ሙሉ ፀጉሯን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ቆንጆ ናት ለካ። ይኸው ልጅቱ። ይኸው ሙሉው ሰዓት። የመጀመሪያው ሥዕል ደግሞ ከላይ ታጠፈ… ምንም አይደል፣ እሱን እኛ እናስጠናቸዋለን። እንዴት ያለ ልበ ቀና ሰው ናቸው፣ አየሽ? አንድ ስንዝር ፈቀቅ አሉ። ለሚቀጥለው ልጅ ይደርሳል።

በይ በረዶሽን ያዢ። በዚያ ቦርሳ አታድርጊው፣ ያፈሳል፤ ሦስቱን ሞክሬአቸዋለሁ። በዚህ ሳፋ ውሰጂው፣ ነገ ትመልሺዋለሽ።

መልእክት ማድረስሽ ካልቀረ ምርቃቴንም አብረሽ አድርሺልኝ። ከልቤ ነው፣ ቃል ሳትጥዪ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ፀጉራቸው ይሸብት፣ ጥርሳቸው ይርገፍ፣ የልጅ ልጅ ይዩ። ማንኪያ መያዝ የሚያቅታቸው፣ አንገታቸውን ሰው የሚደግፍላቸው ቀን ሲመጣ ደግሞ አላህ ብቻቸውን አይተዋቸው… ልክ እንደሳቸው የሠለጠነ፣ ልክ እንደሳቸው እጀ ለስላሳ፣ በሩ ከበራቸው ሰባት እርምጃ የሆነ ጎረቤት ይስጣቸው።

አሚን በይ እንጂ፣ እታፈራሁ።